ከመሐላው በፊት የተወለደች

ልጄ ባለፈው ወር 18 ዓመት ሞላት። ሻማ ለኮስን፣ የአባቷ እናት ደረታቸው ላይ አስጠግተው ሳሟት፣ እሷም ለምርጫ የተመዘገበችበትን ገጽ በስልኳ አሳየችን። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ በልቤ ሌላ ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ማታ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠን ነገርኳት።

«ስትወለጂ እኔ ገና ኢትዮጵያዊት ነበርኩ። ስለዚህ አንቺም ኢትዮጵያዊት ሆነሽ ነው የተወለድሽው» አልኳት።

«ማለቴ በደም አይደለም፣ በሕግ» ብዬ ጨመርኩ፤ ግር እንዳላት ፊቷ ላይ ስላየሁ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ደግሞ አንቀጽ 20 ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል። በትውልዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መያዙን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። (ከዚህ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ ዓ.ም. ያላልኩበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ልጄ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሳላውቀው ነበረኝ፤ ሳላየው ሊሄድ ነው።»

ከዚያች ማታ ጀምሮ ይህ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ ነው የምጽፈው።

እኔ ራሴ የአሜሪካ ዜግነት የወሰድኩት በ2009 ነው፤ ልጄ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች። በዲቪ የመጣሁት በ1999 ስለሆነ ከ2004 ጀምሮ ማመልከት እችል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አዘገየሁት። ቅጹን አትሜ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ቅጹ ሲቀየር አዲሱን አትሜ በአሮጌው ላይ ደረብኩት። ያስፈራኝ የታሪክና የመንግሥት አሠራር ፈተናው አልነበረም። ያኔ ከ100 ጥያቄ 10 ይጠይቁሽ ነበር፣ ስድስቱን ከመለስሽ ታልፊያለሽ። ያስፈራኝ የመሐላው ቃል ነው። እስከ ዛሬ ዜጋው ሆኜ ለኖርኩለት ለማንኛውም የውጭ ልዑል፣ ገዢ ወይም መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ሁሉ ሙሉ በሙሉና ፈጽሞ እተዋለሁ፣ እክዳለሁ ይላል።

መካድ የሚለው ቃል እኔ ባደግኩበት ቤት ለሦስት ነገር ብቻ ነበር የሚውለው፦ ሃይማኖቱን ለካደ፣ ብድሩን ለካደ፣ ልጁን ለካደ። መሐላ ደግሞ ከዚያ ይብስ ነበር። እናቴ እውነት ለሆነ ነገር እንኳ አትምልም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ያልወሰደችውን ገንዘብ ወስደሻል ብላት፣ «ማይልኝ» ስትባል፣ ከመማል ብላ ከፍላ ወጥታለች። እኔ የዚያች ሴት ልጅ ነኝ። ቀኝ እጄን አንስቼ እክዳለሁ ልል ነው።

በመጨረሻ ያስማለኝ ያው የእናቴ ነገር ነው። አባቴ አርፎ አዲስ አበባ ብቻዋን ቀርታ ነበር። በግሪን ካርድ ወላጅን ማምጣት አይቻልም፤ ዜጋ መሆን ይጠይቃል። እናቴን ለማምጣት እናት አገሬን በቃል መተው ነበረብኝ።

የሎስ አንጀለሱ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዞ ነበር። ግሪን ካርዳችንን በር ላይ አስረክበን ገባን። ቤተሰብ ለብቻው ተቀምጧል። ቃሉ በድምፅ ማጉያ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተነበበልንና ተከትለን አልን። እክዳለሁ የሚለው ጋ ስደርስ ጮክ አልኩ። መሐላን አጉረምርሞ ማለፍ ከመካዱ የባሰ መስሎ ታየኝ፤ ከማልኩ ሰምቼው ልማል ብዬ ነው።

ውጭ ስንገናኝ ባለቤቴ አቀፈኝ፣ ልጄ ትንሿን ባንዲራ እያውለበለበች ነበር። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን የምስክር ወረቀቱን ለማየት ጠየቁኝና በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«ጮክ ብለሽ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እናቴም ጮክ ብላ ነው ያለችው» አሉ። «እሷ ግን ወረቀት አልሰጧትም።»

ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። በእናቱ ጃፓናዊ፣ በአባቱ አይሪሽ መሆኑን አውቃለሁ። አያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታስረው እንደነበርም ሰምቻለሁ። አማቴ ግን ስለዚያ ዘመን ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆመን ነገሩኝ።

እናታቸው በ1919፣ በ17 ዓመታቸው፣ ባላቸውን በፎቶግራፍ ብቻ አይተው ከጃፓን በመርከብ መጡ። ያኔ እንዲያ የመጡ ሙሽሮች ብዙ ናቸው። ባልየው አትክልት አምራች ነበር፤ የሚያርሰው መሬት ግን በስሙ ሊሆን አይችልም። የካሊፎርኒያ የ1913 ሕግ ዜጋ መሆን የማይፈቀድለት የውጭ ሰው የእርሻ መሬት እንዳይገዛ ይከለክላል። ስለዚህ መሬቱን እዚሁ በተወለደው በበኩር ልጃቸው ስም አደረጉት። አንድ ፍሬ ልጅ የአባቱ ባለመሬት ሆነ።

ዜጋ መሆን ለምን እንደማይፈቀድላቸው ለማወቅ ወደ 1790 መመለስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ በሩን የከፈተው «ነፃ ለሆነ ነጭ ሰው» ነው። በ1870፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ የአፍሪካ ተወላጆች ተጨመሩ። እስያውያን ውጭ ቀሩ። ታካዎ ኦዛዋ የሚባል ጃፓናዊ ይህን ተከራከረ። አሜሪካ ውስጥ 20 ዓመት የኖረ፣ በርክሌይ የተማረ፣ ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 ጠባዩንም ትምህርቱንም አልነቀፈም፤ ነጭ አይደለህም አለው፤ በዚያው አበቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ የ1924ቱ ሕግ ዜጋ መሆን የማይችል ሁሉ ጭራሹን እንዳይገባ ዘጋ።

አሜሪካ ከጃፓን ጋር ጦርነት ከገባች በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ ከምዕራብ ጠረፍ ወደ 120,000 የሚጠጋ የጃፓን ዘር ያለው ሰው ከቤቱ ተነሣ፤ ከሦስት ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። አማቴ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የተወሰዱት ማንዛናር ወደሚባል፣ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ ወዳለ ምድረ በዳ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ተሰጠው፤ ርዝመቱ 25 ጫማ፣ ወርዱ 20 ጫማ። አማቴ በእርግጠኝነት የእኔ ነው የሚሉት ትዝታ አንድ ነው፤ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ አቧራ ሲወጣ ማየታቸው።

በ1943 መጀመሪያ ለአዋቂዎቹ መጠይቅ መጣ። ጥያቄ ቁጥር 28 ለአሜሪካ ታማኝ ለመሆንና ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት ያላቸውን ማንኛውንም ታማኝነት ለመካድ ትምላላችሁ ወይ ይላል። የአማቴ እናት ጃፓናዊት ናት፤ አሜሪካዊት መሆን በሕግ የተከለከለች ሴት። አዎ ካለች አገር አልባ ትሆናለች፤ አይደለም ካለች ጠላት። ኋላ ላይ እንደ እሷ ላሉት ቃሉ ተለዝቧል፤ እሷ ግን በመጀመሪያው ቃል ነው የተጠየቀችው። አስተርጓሚው አንብቦ ሲጨርስ አዎ አለች፤ ጮክ ብላ። አይደለም ያሉት ወደ ሌላ ካምፕ እንደሚላኩ ወሬው ደርሷታል፤ ልጆቿ እንዳይለዩባት ፈርታለች።

ዜግነቱን ያገኘችው በ1954 ነው። የ1952ቱ ሕግ የዘር እገዳውን ካነሣ በኋላ፣ በ52 ዓመቷ። አማቴ የ14 ዓመት ልጅ ሆነው አብረዋት ሄደዋል። ጓንት አድርጋ ነበር ይላሉ፤ በሕይወቷ ጓንት ያደረገችው ያን ቀን ብቻ ነው። በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት 20,000 ዶላር እንዲሰጥ ሲወሰን፣ እሷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። የአማቴ ገንዘብ ለቤት ጣሪያ ዋለ፤ ከገንዘቡ ጋር የመጣው የይቅርታ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ያሳጣኝ የ1870ው ሕግ ነበር። እንደ ሕጉ ፊደል ከሆነ እኔ፣ አፍሪካ የተወለድኩ ሴት፣ ከአማቴ እናት 82 ዓመት ቀድሞ በሩ ተከፍቶልኛል። ማን ከፈተው? እኛ አይደለንም። በ1924ቱ ኮታ ለአገራችን በዓመት የተፈቀደው 100 ሰው ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)» ተብሎ ተጽፏል። በሩን የከፈቱት በባርነት የኖሩትና ለነፃነታቸው የተዋጉት ናቸው። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚህ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ያለው ለእነሱ ነው። በ1898 ዎንግ ኪም አርክ የተባለው፣ እዚህ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ሰው፣ ለዜግነቱ ተከራክሮ የረታባትም ያችው መስመር ናት። አማቴ በእስር ካምፕ ውስጥ እንኳ አሜሪካዊት የነበሩት በእሷ ነው። ልጄም ሆስፒታል ውስጥ ስትወለድ ዜጋ የሆነችው በእሷ ነው።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ የምለው አለኝ። መጀመሪያ በመጣሁባቸው ዓመታት «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለንም» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችን ብለነዋል፤ በአዳራሽ ባንለውም በመኪና ውስጥ ብለነዋል። ታሪካችን ይለያል፣ ያ እውነት ነው። ግን ያን ዓረፍተ ነገር ስንል ስለ ታሪክ እያወራን አልነበረም፤ ከሚናቅ ሰው ርቀን ለመቆም ነበር። ዛሬ አፍርበታለሁ። ጋብቻዬን ልውሰድ። ካሊፎርኒያ በዘር ልዩነት መጋባትን የሚከለክለው ሕጓ የተሻረው በ1948 ነው፤ አንድሪያ ፔሬዝና ሲልቬስተር ዴቪስ ስለተከራከሩ። እሱ ጥቁር ነው፣ እሷ የሜክሲኮ ተወላጅ። አማቴ አይሪሹን ባላቸውን በ1963 ማግባት የቻሉት በእነሱ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ሊጋቡ ቢሞክሩ ሕጉ ይከለክላቸው ነበር። ያንን የቀሪዎቹን 16 ክፍለ ግዛቶች ሕግ በ1967 ያስሻሩት ሚልድሬድና ሪቻርድ ላቪንግ ናቸው። የብሔር ኮታውን ያነሣው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የሲቪል መብት ትግሉ ባሞቀው ምክር ቤት ነው ያለፈው። ልጄ ቅጽ ላይ ጥቁር የሚለውን ሳጥን ስትነካ የሌላ ሰው ቤት ገብታ አይደለም። ብድሯን እያወቀች ነው።

የባለቤቴ የአባት እናት በዚያ በ1963ቱ ሠርግ አልተገኙም፤ ሙሽሪት ጃፓናዊት ስለሆነች። ቂሙ በኋላ በልጅ ልጅ ታረቀ።

እናቴ በ2010 መጣች። መጀመሪያ የተጣላችው ከልጄ ስም ጋር ነው።

«ይህ የመጨረሻው ስም የማን ነው? የአባቷ አይደለም።»

«የቤተሰቡ ስም ነው፣ እማዬ። ከአየርላንድ የመጣው ቅድመ አያታቸው ያመጣው ነው።»

«ታዲያ አባቷ የት ገባ? አባት እያለ የሞተ ሰው ስም ይሰጣታል?»

በእኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቷ ስም ነው፤ ስም አንድ ትውልድ እየሰጠ ያልፋል። በእነሱ ቤት አንድ ስም 170 ዓመት ይኖራል። እናቴ ልጄን በኛ ሥርዓት፣ በስሟና በባለቤቴ ስም፣ እስከ መጨረሻው ስትጠራት ኖረች። ልጄም ለሁለቱም አቤት ትላለች።

ነገር ግን ያ አየርላንዳዊ ለምን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። በ1840ዎቹ ድንች ላይ በሽታ ገብቶ ሚሊዮን የሚሆን ሰው እንዳለቀ፣ ከሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ እንደተሰደደ ነገርኳት። እናቴ የወሎ ሰው ናት። 1966 ዓ.ም.ንም 1977 ዓ.ም.ንም በዓይኗ አይታለች። ነጭ ሰው ተርቦ ይሰደዳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። «እነሱም ተርበው ነው እንዴ የመጡት?» አለችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን የባለቤቴን አባት ፎቶግራፍ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ቤተሰብ ስትናገር «ዘመዶቻችን» ትል ነበር። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን ዝምድና እሷ በረሃብ አገኘችው።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆናት ሰባት ቤት እንድትቆጥር አደረገቻት። ሰባት ቤት ያልቆጠረ ልጅ ዘመዱን ያገባል፣ ይኸው ነው ምክንያቷ። በእኔ በኩል ያለውን ራሷ እያዜመች አስጠናቻት። በአባቷ በኩል ያለውን ደግሞ ከአማቴ ፈለገች። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ቋንቋ የላቸውም። እኔ መካከል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። አማቴ ከአያቶቻቸው በላይ አያውቁም ነበር፤ አፍረው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ደወሉና፣ በሦስተኛው ቀን የአያታቸውን አባት ስም ይዘው መጡ። እናቴ እልል አለች። እየተናገረች እኔ በፊደል ጻፍኩ፤ ልጄ ሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ገለበጠችው። በእኔ በኩል ሰባት ደረሰ፣ በአይሪሾቹ አምስት፣ በጃፓኖቹ አራት። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ቢጫ ሆኗል። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላነሣሁትም።

ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር የቀበሌ መታወቂያዬ ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ መታወቂያ ሳወጣ ብሔር የሚል አንድ መስመር ነበረው። አባቴ ኦሮሞ፣ እናቴ አማራ። ጸሐፊው ሁለቱን ስነግረው ብዕሩን አቆመና «የአባትሽን ልጻፈው?» አለኝ፤ ክፋት አልነበረውም፤ መስመሩ አንድ ነው። እሺ አልኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አልተናገረችም። ልጅ ነበርኩና በዚያች ሰዓት ከመስመሩ ላይ ማን እንደወደቀ አልታየኝም። አገር ሳልለቅ፣ መሐላ ሳይጠይቁኝ፣ አንድ ወላጄን በወረቀት ላይ ትቻት መጣሁ።

ስለዚህ የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ሲመጣ ቶሎ አልሞላሁትም። ድሮ ዘርን የሚወስነው ቤት ለቤት የሚዞረው ቆጣሪ ነበር፤ ቤተሰቡ ራሱ መምረጥ የጀመረው ከ1960 ወዲህ ነው፣ ከአንድ በላይ መምረጥ የተፈቀደው ደግሞ በ2000። የ13 ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ጥቁር በሚለው ሥር ለምሳሌ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቃል ታትሟል። ነጭ በሚለው ሥር «አይሪሽ» አለ። ለጃፓን የራሱ ሳጥን አለው። ልጄ እስክሪብቶውን ቀማችኝና ሦስቱንም ምልክት አደረገች። በዚያ ቆጠራ ከአንድ ዘር በላይ ነኝ ያለው ሰው 33.8 ሚሊዮን ሆነ፤ ከአሥር ዓመት በፊት 9 ሚሊዮን ነበር። የቆጠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ከጭማሪው ብዙው ጥያቄው ከተቀየረበትና መልሱ ከተመዘገበበት መንገድ የመጣ ነው ብሏል። እኔን ይህ አላሳዘነኝም። ሰዎቹ ድሮም ነበሩ፤ መስመሩ ነው የጠበበው።

የኛ ሰው ልጄን ክልስ ይላታል፤ ፈረንጁ ግማሽ ይላታል። የአሜሪካው እንዲያውም ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ ይከፋፍላታል፤ በ1890 የቆጠራ ቅጽ ላይ ስምንተኛዋ ጥቁር ለሆነች የተለየ ስም ነበራት። ሒሳቡን አልቀበልም። ልጄ አማርኛ ስትናገር በግማሽ አፏ አትናገርም። እናቴ ስትሞት በግማሽ አላለቀሰችም። ከአማቴ ጋር ስትቀመጥም እንደዚያው፣ ያላትን ሁሉ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ሰው በሚወደው ቁጥር አይካፈልም። ሕጎቹ ግን ይህን እንደ ክህደት ያዩታል፤ ያኛውም ይህኛውም አገር። አንዱ ሌላውን ክጂ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ካልሽ እንደካድሽ እቆጥራለሁ ይላል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም አለኝ። ያለ ቪዛ ያስገባኛል፣ ቤት ያስገዛኛል። ግን ሕጉ የሚጠራኝ የውጭ ዜጋ ብሎ ነው፤ እናቴ መቃብር ላይ በዚያ ስም ነው የቆምኩት።

ከልደቷ ሁለት ሳምንት በኋላ አማቴ ማንዛናር እንሂድ አሉ። 85 ዓመታቸው ነው፤ ሳልሞት ከእሷ ጋር ልየው አሉ። ከሎስ አንጀለስ በሰሜን አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ስሙ በስፓኒሽ የፖም አትክልት ቦታ ማለት ነው። ከፖሙም በፊት የፓዩት ሕዝብ ምድር ነበር፤ በ1863 ሺህ የሚጠጉት በወታደር ታጅበው ከሸለቆው ተነድተዋል። አሜሪካ የስደተኞች አገር ናት የሚለውን አባባል እወደዋለሁ፤ እኔን ያስገባኝ ነውና። በ2018 የዜግነት መሥሪያ ቤቱ ከዓላማ መግለጫው ላይ ሲያነሣው አዝኛለሁ። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ያልመጡ አሉ፤ ቤታቸው የነበሩ። በሰንሰለት የመጡም አሉ። ልጄ ይህን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ የፓዩቶቹን ሰሌዳ አንብባ ስትጨርስ «የኛ ሰዎች ሁሉ ዘግይተው ነው የደረሱት» አለችኝ።

መቃብሩ ዳር ነጭ ሐውልት አለ፤ እስረኞቹ ራሳቸው በ1943 ያቆሙት። የተጻፈበት በጃፓንኛ ነው። አማቴ ማንበብ አይችሉም። ከካምፕ ሲወጡ ወላጆቻቸው ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ አሳደጓቸው፤ እንደገና እንዳይወሰዱ። ሰሌዳው ላይ ትርጉሙን አነበብንላቸው፤ የነፍስ ማጽናኛ ማማ ይላል። ነፋስ ነበር። ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ የወረቀት ወፎች ድንጋይ ተጭኗቸው ይርገበገባሉ።

ቤተ መዘክሩ ውስጥ የታሰሩት ከ10,000 በላይ ሰዎች ስም ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ አለ። ልጄ የቅድመ አያቷን ስም አገኘች፤ ከዚያም የአያቷን። አማቴ ስማቸውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጄ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ስማቸውን እናቴ ባስተማረቻት ፊደል ጻፈችላቸው። አራት ፊደል ሆነ። እሳቸውም ፊደሎቹን በየተራ እያሳዩ ድምፃቸውን ጠየቋት፤ ሲመስላቸው ደግመው ጠየቋት። ወረቀቱን አጥፈው ከይቅርታው ደብዳቤ ጋር አኖረዋለሁ አሉ።

መንገድ ላይ ስንመለስ ልጄ የወሰነችውን ነገረችኝ። አሜሪካዊነቷን አትተውም፤ እኔም ተይ አልላትም። ቀኑ ያልፋል፤ ሕጉም የሚለውን ይላል። ነገር ግን ዝምታዬ ፈቃዴ ነው እንዲባል አልፈልግም አለች። ዋሽንግተን ላለው ኤምባሲ ደብዳቤ ትጽፋለች። ምንም እንደማይለውጥ ነገርኳት። አውቃለሁ፣ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጥ አለች። በአማርኛ ነው የምትጽፈው፤ እኔ እንዳልጽፍላት አስጠንቅቃኛለች፤ ስህተት ብቻ እንዳርም ፈቅዳለች።

ትናንት ማታ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጀመረችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሟን በእናቴ ሥርዓት ጽፋዋለች። ሁለተኛው መስመር «በፈቃዴ አልተውኩም» ይላል። ሦስተኛው ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«አገር የሚጻፈው በ‹አ› ነው በ‹ሀ›?»

«በሁለቱም ይጻፋል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።